ከማድራስ እስከ ኮቺን በአውቶቡስ

ሜሮን ስልኳን ወደ ፊቴ አስጠግታ «እትዬ ጽጌ፣ ይሄን ታውቂዋለሽ?» ስትለኝ የበላንበት ትሪ ገና ከፊታችን አልተነሣም ነበር። እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በምንቀመጥበት ምግብ ቤት፣ መስኮቱ ሥር ነን። ሜሮን፣ ሃውቶርን በሚባለው ሰፈር፣ እኔ በምኖርበት አፓርትመንት ፎቅ ላይ ያለች ጎረቤቴ ናት፤ ዕድሜዋ ሠላሳን ቢያልፍ ነው፣ ግሌንዴል አንድ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። ልጄ የሚኖረው ቫን ናይስ ነው። አንድ ከተማ ነው ይላሉ እንጂ እኔንና እሱን ፍሪዌይ ከለያየን ቆይቷል፤ ስለዚህ በርበሬ ሲያልቅብኝም ሆነ የሰው ፊት ሲናፍቀኝ ይዛኝ የምትመጣው ይቺ ልጅ ናት። መነጽሬን አድርጌ አየሁት። ከእግሩ እስከ አናቱ በአማልክትና በአጋንንት፣ በፈረስና በአንበሳ ምስል የታጨቀ ረጅም ግንብ ነው። ትናንት የተቀባ ይመስላል፤ ሮዝ፣ አረንጓዴ፣ ደማቅ ሰማያዊ። እኔ ሳየው ቀለሙ በዝናብ ታጥቦ ደብዝዞ ነበር።

«ማዱራይ» አልኳት።

«ኦ ማይ ጋድ! በእውነት ታውቂዋለሽ!» ብላ ሳቀች። «አብራኝ የምትሠራው ሕንዳዊት ልታገባ ነው ብዬሽ የለ? ሠርጓ እዚያ ነው። ፍላይቱን ቡክ አድርጌያለሁ። ሶ፣ ከሠርጉ በኋላ ሁለት ሳምንት ደቡቡን ቱር አደርጋለሁ። የቸርች ልጆች ግን ጣዖት ቤት ልትገቢ ነው ወይ እያሉ አስጨንቀውኛል።»

«ግቢ። ድንጋይ ነው፤ አይበላሽም።»

«ኦኬ፣ ታዲያ ንገሪኛ! የቱን ልይ፣ የቱን ልተው?»

የቱን ልይ፣ የቱን ልተው። ይህን ለመመለስ ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ይሆናል። እኔ ግን ያንን አገር ከልቤ አውጥቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ሌላ ኑሮ ኖሬ፣ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ባሌን ቀብሬ፣ እዚህ ድረስ መጥቼ የነጭ ሽማግሌዎች ገላ ሳጥብ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ባሌ ደግ ሰው ነበር፤ ስለ ሕንድ አገር አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። የማይጠይቀኝ መሆኑን አይቼ ነው ያገባሁትም።

ያኔ ከተማው ማድራስ ነበር የሚባለው፤ ዛሬ ስሙን ለውጠውታል አሉ። እኔ በሴቶች ኮሌጅ ኬሚስትሪ እማር ነበር። ጌታቸው ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ ኮሌጅ ምሕንድስና ያጠና ነበር። አገር ቤት የአንድ ሰፈር ልጆች ነን፤ ለእናቱ አንድ ልጅ ነው። ሁለታችንም በስኮላርሺፕ ከሄድን በኋላ ሽማግሌ ተልኮ፣ አባቴ እሺ ብሎ፣ ትምህርታችንን ስንጨርስ እንድንጋባ ተቆርጦ ነበር። ስለዚህ በመጨረሻው የረጅም ዕረፍት ጊዜ አብረን አገር ልንጎበኝ ስንነሣ ማንም ክፉ አላሰበም። እኔ በየከተማው የሴቶች ማረፊያ አድራለሁ፣ እሱ ርካሽ ሎጅ ይፈልጋል፤ ጠዋት አውቶቡስ ተራ እንገናኛለን። ጌታቸው ጠጉሩን አጎፍሮ፣ ከታች እንደ ጃንጥላ የሚሰፋ ቤልቦተም ሱሪ ታጥቆ፣ ኮሌታው ትከሻው ላይ የሚንጠለጠል ሸሚዝ ለብሶ ሲመጣ የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ጠጉሩን ካልነካሁ ብሎ ይከተለዋል። እኔ ሳሪ ለምጄ ነበር። ጥለቷ ቀይ የሆነ አንዲት የጥጥ ሳሪ ነበረችኝ፤ ተከራክሬ በዐሥራ ሁለት ሩፒ የገዛኋት። ያን ሁሉ ጨርቅ በአንዲት መርፌ ቁልፍ አስይዤ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ስወጣና ስወርድ አንዴም አልተፈታችብኝም። ሰዉ ከራሱ ወገን አድርጎ ነበር የሚያየኝ። ትኬት ቆራጩ ባገሩ ቋንቋ በታሚል ያናግረኛል፤ ዝም ስለው ኮራችብኝ ብሎ ይቆጣል፤ ጌታቸው በሳቅ ይሞታል።

ሁለት ሩፒ ይዘው ከገቡ በሙዝ ቅጠል ላይ ሩዝ እስኪበቃዎት ይደፉልዎታል። ቡናው በብረት ኩባያ ነው፤ አሳላፊው አንዱን ኩባያ ከራሱ በላይ አንሥቶ፣ ሌላውን ከወገቡ በታች አድርጎ ረጅም ገመድ እንደሚስብ ያንቆረቁረውና አረፋውን አስነሥቶ ያቀርበዋል። አንዲት ጠብታ ስትፈስስ አላየሁም። በየአውቶቡስ ተራው ድምፅ ማጉያ አለ፤ የፊልም ዘፈን ከጧት እስከ ማታ ይለቀቃል፣ ሴትየዋ በቀጭን ድምፅ ትለምናለች፣ ሰውየው ይክዳታል፣ ቃሉን ባላውቅም ነገሩ ይገባኝ ነበር። የዚያን ጊዜ አውቶቡስ መስኮቱ መስተዋት የለውም፤ ሸራ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ተሳፋሪው ሁሉ ተሯሩጦ ያወርደዋል። ሜሮን ባስ አትሳፈርም። መኪና ከነሾፌሩ ሬንት እንዳደረገች፣ ሾፌሩም እንግሊዝኛ እንደሚችል ነግራኛለች።

መጀመሪያ የሄድነው ባሕሩ ዳር ወዳለው ማሃባሊፑራም ነው። ጨው የበላው ቤተ መቅደስ ማዕበሉ አፍ ላይ ቆሟል፤ ምስሎቹ አፍንጫና ጣት የላቸውም፣ አየሩ ልሶ ጨርሷቸዋል። ከዚያ ወዲያ ማዶ ከአንድ አለት የተፈለፈሉ ቤቶች አሉ። ጌታቸው እጁን ግድግዳው ላይ እያሳለፈ «እነዚህም እንደኛ አገር ውቅር ቤተ ክርስቲያኖች ከላይ ወደ ታች ነው የተፈለፈሉት፣ ተመልከቺ መሮው የሄደበትን» ይለኛል። ቀጥለን ፖንዲቼሪ ገባን። የፈረንሳዮች ከተማ ነበረች፤ ቢጫ ግንብ፣ ነጭ መስኮት፣ በየአጥሩ ላይ የተንጠለጠለ ቡገንቪላ። በመካከሏ ቦይ ያልፋል። ከቦዩ ወዲህ በባሕሩ በኩል የነጮቹ ሰፈር ነበር፣ ከቦዩ ወዲያ ያገሬው። ነጮቹ ከሄዱ ስንት ጊዜያቸው፣ ቦዩ ግን እንዳለ ነው፤ ሽታውም ወዳገሬው በኩል ነው የሚነፍሰው። ፉርኖ ዳቦ አግኝተን እንደ ሕፃን ደስ አለን። ታንጃቩር ስንደርስ ደግሞ ጌታቸው ግቢው ሣር ላይ በጀርባው ተንጋሎ የቤተ መቅደሱን ግንብ ሲመለከት ረፈደ። እላይ አናቱ ላይ ያለችውን ትልቅ ድንጋይ እንዴት እንዳወጧት ማወቅ ፈለገ። አስጎብኚው ከሩቅ ሰፈር ጀምረው የአፈር ዳገት ሠርተው፣ በዝሆን ጎትተው ነው አለን። «ስንት ሰው ሞቶ ይሆን?» አልኩ እኔ። «ዋናው መውጣቷ ነው» አለኝ ጌታቸው። እንዲህ ያለ ነገር ሲናገር ያኔ ደስ ይለኝ ነበር፤ ወንድ ልጅ እንዲህ ነው እል ነበር።

ማዱራይ የደረስነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ጫማ ውጭ ይቀራል፤ የግቢው ድንጋይ እንደ ምጣድ ግሏል፤ ሁለታችንም ከጥላ ወደ ጥላ እየዘለልን ገባን። በሩ ላይ ግንባሯ በቀለም የተሣለ ዝሆን ቆማለች፤ ሳንቲም ሲሰጧት ለባለቤቷ ታቀብልና ኩምቢዋን በቀስታ አናት ላይ ታሳርፋለች፣ ያ ምርቃት ነው። እኔን መረቀችኝ፤ ጌታቸው ጠጉሬን ታበላሻለች ብሎ ሸሸ። አበባ የሚጎነጉኑ ሴቶች በመደዳ ተቀምጠዋል፤ ጃስሚኑን በክንድ እየለኩ ይሸጡታል። አንድ ክንድ ገዝቶ ሹሩባዬ ላይ ሰካልኝ። ወደ ውስጥ ዘልቀን፣ ምሰሶዎቹን አልፈን፣ ጨለም ያለው የመጨረሻው በር ዘንድ ስንደርስ እምነቱ ያልሆነ ሰው ከዚህ አይለፍ የሚል ጽሑፍ አገኘን። ዘበኛው ሳሪዬንና አበባዬን አይቶ በእጁ እለፊ አለኝ። ጌታቸውን ግን አጎፈሬውን አይቶ በዱላው ከለከለው። ከውስጥ ከበሮና መለከት ይሰማል፣ በዘይት መብራት መካከል ወርቅ የሚመስል ነገር ያብለጨልጫል። አንድ እግሬን አሳልፌ ነበር። ዞር ስል ጌታቸው ብቻውን ምሰሶ ተደግፎ ቆሟል። መለስኩት እግሬን። «ግቢ እንጂ፣ አይተሽ ትነግሪኛለሽ» አለኝ። «አንተ ካልገባህ እኔ ምን አደርጋለሁ» ብዬው ወጣን። እስካሁን ከዚያ በር ወዲያ ያለውን አላየሁትም። ሜሮንም አታየውም፤ ቱሪስት አይገባም።

ከማዱራይ ተራራውን በአውቶቡስ ተሻግረን፣ ሻይ ቅጠሉንና ጎማ ዛፉን አልፈን፣ ዝናብ እየወረደብን ኮቺን ገባን። የሁሉም ማብቂያ እሷ ናት። መጀመሪያ ፖርቱጋሎች፣ ቀጥሎ ሆላንዶች፣ ቀጥሎ እንግሊዞች የተፈራረቁባት የወደብ ከተማ፤ አንዱ ሲወጣ አንዱ እየገባ የፊተኛውን ቤት ቀለም ቀብቶ የኖረባት። ባሕሩ አፍ ላይ እንደ ትልቅ ሸረሪት ድር የተንጠለጠሉ የቻይና መረቦች አሉ። ሰዎቹ ተጋግዘው በገመድና በድንጋይ ሚዛን ወደ ውኃው ያወርዱታል፤ ሲያነሡት ብዙ ጊዜ ከጥቂት ዓሣ በቀር አይወጣም። ከወደቡ ጀርባ ያለው መንገድ ግራና ቀኙ የቁንዶ በርበሬና የዝንጅብል መጋዘን ነው፤ ሰው ሁሉ እያስነጠሰ ነው የሚያልፈው። የፖርቱጋሎቹ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ከጣራው ላይ ረጃጅም የጨርቅ ማራገቢያዎች ተንጠልጥለዋል፤ ገመዳቸው በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ውጭ ይወጣል። ነጮቹ ውስጥ ተቀምጠው ሲጸልዩ እንዳይሞቃቸው ያገሬው ሰው ውጭ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ገመዱን ይስብ ነበር። ሜሮን የዚያን ቤተ ክርስቲያን ፎቶም አሳይታኛለች፤ ከሥሩ «ቅርስ» ይላል። መጋዘኖቹም ዛሬ ሆቴል ሆነዋል፣ ዋና ገንዳ አላቸው። ምንም ዓይነት ግፍ ዕድሜ ካገኘና ቀለም ከተቀባ ሰው ከፍሎ ያየዋል።

ያረፍንበት ማርያማ የምትባል የአንዲት ክርስቲያን መበለት ቤት ነበር፤ ለእኔ ከልጆቿ ጋር፣ ለጌታቸው በረንዳው ላይ ያለውን ክፍል ሰጠችን። ልንመለስ በተዘጋጀንበት ጠዋት ጌታቸው ባለ ሰማያዊ መስመር ሸሚዙን ለብሶ «በጀልባ ተሻግሬ የባቡር ትኬት ልቁረጥ፤ ለምሳ እደርሳለሁ» አለኝ። ሻንጣውን አልያዘም። ማርያማ ዓሣ ሠርታ ጠበቀችው። ምሳ አለፈ። ጀልባው በመጣ ቁጥር መውረጃው ላይ ቆሜ የሚወርደውን ሰው ፊት አያለሁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማርያማ እጄን ይዛ አስገባችኝ። በማግሥቱ ፖሊስ ጣቢያ፣ ሆስፒታል፣ ሬሳ ክፍል ሄድን። አዎ፣ ሬሳ ክፍልም ሄድኩ፣ ጨርቁን እየገለጡ አሳዩኝ። በመጨረሻ ወደብ ላይ የሚሠራ የማርያማ ዘመድ ነገሩን አጣርቶ መጣ። ጠጉሩ የጎፈረ አፍሪካዊ ልጅ በአንድ የግሪክ መርከብ ላይ የኩሽና ሠራተኛ ሆኖ ተቀጥሮ ሄዷል። መርከቧ ከወጣች ቆይታለች።

ሁለት ሻንጣ ይዤ ብቻዬን ወደ ማድራስ ተመለስኩ። ጊዜው ክፉ ነበር፤ አገር ቤት አብዮት ፈንድቶ ነገር ተለዋውጧል፣ እዚያም የተማሪዎቹ ስብሰባ በዝቷል፣ ሰው ሁሉ ሰውን ይጠረጥራል። የተማሪዎቹ ኮሚቴ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ «እጮኛሽ ሲከዳ አላውቅም ልትዪን ነው?» አለኝ። አላውቅም አልኩ። አንድ አብሮን ሽሮ የበላ ልጅ «አብሮሽ እየዞረ፣ ሳይነግርሽ?» አለና ሳቀ፤ ሌሎቹም ሳቁ። ያ ሳቅ ከጥያቄው የባሰ ነበር፤ ሳይነግረኝ መሄዱን ማንም ለማመን እንኳ አልፈለገም። ስኮላርሺፑ ተቋረጠ፣ ልመረቅ አንድ መንፈቅ ሲቀረኝ ወደ አገር ቤት ጫኑኝ። ኬሚስትሪዬ እዚያው ቀረ። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተማሪ ሆንኩ፤ ለሙከራ የሚሆን ብርጭቆ እንኳ በሌለበት ክፍል። የጌታቸው እናት እትዬ አስካለ በየሳምንቱ እሑድ ቤታችን ትመጣ ነበር። መቀመጫ ከመያዟ በፊት «እስቲ ያን ለት ምን ለብሶ ነበር?» ትለኛለች። ባለ ሰማያዊ መስመር ሸሚዝ እላታለሁ። «በልቶ ነበር?» በልቷል እላታለሁ። ይኸው ነው ጨዋታችን። አሜሪካ መግባቱ ከተሰማ በኋላም ይህንኑ ከመጠየቅ አልተወችም። ስትሞት አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ለሜሮን ይህን አልነገርኳትም። ማዱራይን አትዝለዪ፣ ታንጃቩርንም እይ አልኳት እንጂ። በመካከል ከጀርባዬ ካለው ጠረጴዛ አንድ ሰው ጨዋታችን ውስጥ ገባ።

«ይቅርታ ልጄ፣ ሰማኋችሁ። ማዱራይ ከሄድሽ በማለዳ ግቢ፣ ድንጋዩ ሳይግል። እግር ያቃጥላል።»

ፊቱን ከማየቴ በፊት ድምፁን ዐወቅሁት። ሽማግሌ ድምፅ ሆኗል፣ ሻክሯል፣ ግን ቃሉን ሲጨርስ ከፍ የሚያደርጋት ነገር አለች፣ እሷ አልተለወጠችም። ሜሮን ፊቷ በርቶ «ጋሼ፣ አንተም ሄደሃል?» አለችው።

«ተምሬበታለሁ እንጂ! ደቡቡን በአውቶቡስ ነው የጨረስኩት። ዛሬ የምታይው ሁሉ ሳይሽቀረቀር።» ወንበሩን አዙሮ ከጎናችን ሆነ። ባርኔጣ አድርጓል፣ ሹራቡ ንጹሕ ነው፣ ያ ሁሉ ጠጉር የለም። እኔን አየና በትሕትና ጎንበስ አለ። «እናቴ፣ እርስዎም ሕንድ ነበሩ?»

«ማድራስ» አልኩት።

«ማድራስ! የት ኮሌጅ?»

ስሙን ነገርኩት። ሳቁ ፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁ።

«ጽጌ?»

«አዎ።»

ተነሣ፣ እንደገና ተቀመጠ። «ጽጌ» አለ ደግሞ። «በእግዚአብሔር። ስንት ጊዜ... እኔ እኮ ብዙ ሰው ጠይቄያለሁ። አለች ይሉኛል፣ የት እንደሆንሽ ግን የሚነግረኝ አጣሁ።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሜሮን አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ታያለች። እኔ አላለቀስኩም። ለዚህ ቀን ስንት ንግግር ስሰናዳ ኖሬያለሁ። ያገኘሁት ይህን ብቻ ነው፦

«ዓሣው ቀዘቀዘ።»

«ምን አልሽ?»

«ማርያማ ዓሣ ሠርታልህ ነበር። ቀዘቀዘ።»

አንገቱን ደፋ። ቀና ብሎ ሲናገር ግን ድምፁ የተጸጸተ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ የተበደለ ሰው ድምፅ ነበር። «ጽጌ፣ አትፍረጂብኝ። እኔ ጠይቄሽ ነበር። እምቢ ያልሽው አንቺ ነሽ።»

«መቼ?»

«መረቦቹ ዘንድ፣ ባሕሩ ዳር። በዋዜማው ማታ። ረሳሽው?»

እንዴት እንደምረሳ ሊገባኝ አልቻለም። ከዚያ ቀን ያልቆጠርኩት፣ ያላገላበጥኩት ደቂቃ የለም። ዐይኔን ጨፍኜ ወደዚያ ሄድኩ። መረቡ ሲነሣ ይታየኛል፤ ውኃው ይንጠባጠባል፤ ኦቾሎኒ በወረቀት ጠቅልሎ የሚሸጥ ሰው አለ። ጌታቸው ባሕሩን እያየ ነው። ከዚያ መጣልኝ። «ጽጌ፣ ባሕር ዳር መኖር ትወጃለሽ?» ብሎኛል። እኔም ሳሪዬ በላብ ተጣብቆብኝ፣ በአንድ እጄ እያራገብኩ «ኧረ እኔ አልወድም፣ ገላዬን ያጣብቀኛል» ብዬዋለሁ። ኦቾሎኒውን አቀብሎኝ ነበር። ሌላ አንድም ቃል አልወጣውም።

«ያ ነው የጠየቅከኝ?» አልኩት።

«በዚያ ጊዜ ነገር በግልጽ ይነገር ነበር? ታውቂያለሽ እኮ ዘመኑን። አልወድም ስትይኝ ገብቶሻል ብዬ ነው። ልብሽ አገር ቤት ነው ብዬ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አልቅሻለሁ።»

እውነቱን መሆኑን አየሁት፤ የከፋውም ይኸው ነው። እየዋሸኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ይህ ሰው ያቺን ወሬ ይዞ መርከቧ ላይ ወጥቶ፣ ድስት እያጠበ ሲደጋግማት፣ ጥያቄ አድርጓት፣ የእኔን የላብ ነገር እምቢታ አድርጎት፣ በዚያ ተጽናንቶ ኖሯል። እኔ ጨርቅ እየተገለጠልኝ የሰው ሬሳ ሳይ እሱ በእኔ ተከድቷል።

ይህን ለማለት አፌን ስከፍት ሚስቱ ገባች። ከጎኑ ካለው ሱቅ በላስቲክ የታሰረ እንጀራ ይዛ መጣች፤ ሃምሳ አምስት ቢሆናት ነው፣ ፊቷ የሚያበራ ሴት። ጌታቸው ዘሎ ተነሣ። «ሶስና፣ ማንን እንዳገኘሁ ታውቂያለሽ? ጽጌ ናት። የሕንዷ ጽጌ።»

«ኦ! እርስዎ ነዎት?» ላስቲኩን ወንበር ላይ ጥላ እጄን በሁለት እጆቿ ያዘች። «ስለ እርስዎ ያልሰማሁት የለም እኮ። ቸርች ቴስቲሞኒ ሲሰጥ እንኳ ያነሣዎታል። ነይ እንሂድ ብያት፣ አገሬን አልለቅም ብላኝ፣ ልቤ ተሰብሮ ጌታን ያገኘሁት ያኔ ነው ይላል። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ ምን እላለሁ መሰለዎት፣ ያቺን ሴት ባገኛት አመሰግናታለሁ! እምቢ ባይሉት መቼ አገኘው ነበር?» ብላ ሳቀች፣ ከልቧ፣ ያለ ክፋት። ሁለት ልጆች እንዳሏቸው፣ አንዱ ሐኪም እንደሆነ ነገረችኝ። እጄን አልለቀቀችም።

ጌታቸውን አየሁት። ከጀርባዋ ቆሞ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ እያሻሸ ያየኛል። በዐይኑ ይለምነኛል፤ ዝም በይ ይለኛል። ይቺ ሴት ምንም አላደረገችኝም። ዝም ብል የሚጎዳ ሰው የለም፤ እሷ ደስ ብሏት ትሄዳለች፣ እሱ በሚቀጥለው እሑድ ተነሥቶ ጽጌን አገኘኋት፣ ተቃቅፈን ተላቀስን ይላል፣ ጉባኤው ሃሌሉያ ይላል። ኮሚቴው ፊት «ሳይነግረኝ ነው» ብዬ ያመነኝ ሰው አልነበረም። እናቱ እንኳ አንዳንድ እሑድ አሻግራ ስታየኝ አንቺ ታውቂያለሽ የምትል ይመስለኝ ነበር። አሁን ደግሞ በማላውቀው ቸርች ውስጥ፣ በማላውቀው ሕዝብ ፊት፣ እምቢ ያልኩት እኔ ሆኛለሁ።

«አልጠየቀኝም» አልኳት።

«አቤት?»

«ነይ እንሂድ አላለኝም። ባሕር ዳር መኖር ትወጃለሽ ወይ አለኝ፤ ያጣብቀኛል አልኩት። በማግሥቱ ትኬት ልቁረጥ ብሎ ወጣ፣ በዚያው ቀረ። እኔ ሬሳ ክፍል ስፈልገው ነበር።»

እጄን የያዘችበት እጇ ላላ። ሳቋ ግን ወዲያው አልጠፋም፣ ከንፈሯ ላይ ረስታው ቆየ። ወደ ባልዋ ዞረች። «ጌቱ?» አለችው። እሱ ባርኔጣውን ማሻሸቱን ቀጠለ። ሜሮን ሒሳቡን ከፍላ ቦርሳዬን አነሣችልኝ፤ ብልኅ ልጅ ናት።

የእግረኛው መንገድ ላይ ስንደርስ ተከትሎኝ ወጣ። ፀሐዩ ፌርፋክስን አጥለቅልቆታል፣ መኪናው ይጮኻል። «ጽጌ» አለኝ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ «እኔ እኮ ጠይቄያታለሁ ብዬ ነው የኖርኩት። እሱን ከወሰድሽብኝ ምን ይቀረኛል?»

«ሚስትህ ትቀርሃለች። ልጆችህ አሉ። ቸርችህ አለ።» ከዚያ ይቺን ጨመርኩበት፤ ለክፋት አይደለም፣ ለክፋትም ነው፦ «እናትህ እስክትሞት ድረስ ምን ለብሶ ነበር እያለች ነው የጠየቀችኝ። በልቶ ነበር ወይ ትላለች። ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም። ማን ጥሎ ሄደ ብላ አታውቅም።»

ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ ቆመ። ላጽናናው እጄ ሊዘረጋ ነበር፤ የሽማግሌ ገላ ሳጥብ የኖርኩ ሴት አይደለሁ፣ እጄ ለምዷል። ሰበሰብኩት። ወደ መኪናው ሄድኩ።

ሜሮን ፓርክ ያደረገችው ሁለት መንገድ አልፎ ነበር። ሞተሩን አስነሥታ ነዳች። ደቡቡን ፍሪዌይ ስንይዝ «እትዬ ጽጌ፣ ኮቺን ልቅር? ከፕላኑ ካንስል ላድርገው?» አለችኝ።

«ለምን ትቀሪያለሽ። ሂጂ። መረቦቹን እይ፣ ያምራሉ።»

መንገዱ ተጨናንቋል፤ ከፊታችን ያለው መኪና ቀይ መብራት ፊቷ ላይ ያርፋል።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ? ካልፈለግሽ አትመልሺልኝ። በደንብ ቢጠይቅሽ ኖሮ፣ ማለቴ ዳይሬክት፣ ነይ አብረን እንጥፋ ቢልሽ ኖሮ፣ ትሄጂ ነበር?»

ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ኮሚቴው፣ አባቴ፣ እትዬ አስካለ፣ ባሌ፣ ማንም። ራሴንም ጠይቄ አላውቅም፤ ያልቀረበ ጥያቄ አይመለስም ብዬ።

«እሄድ ነበር» አልኳት። «ሻንጣዬንም ሳልይዝ።»